ነፋስ የበላው «አት»

ሴፕቴምበር 3

ዴዝ ለግምገማ የላከልኝን ጽሑፍ እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ያየሁት ርዕሱን ብቻ ነው፤ ትንንሾቹ ፔንግዊኖች ሲመሽ ከባሕር ወጥተው ጉድጓዳቸውን እንዴት እንደሚያገኙ የሚያወራ ነው። የጸሐፊው ስም እንደ ደንባችን ተደብቋል። ገምጋሚው ጸሐፊውን አያውቅም፣ ጸሐፊውም ገምጋሚውን አያውቅም፤ ዴዝ ብቻ አዘጋጅ ስለሆነ መሃል ቁጭ ብሎ ሁላችንንም ያውቃል። መጽሔታችን ትንሽ ናት። የምትዘጋጀው ዴዝ ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሱም ዴዝ ጀልባው ላይ ካልሆነ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ ሥራ ተከምሮብኛል። ግን ዛሬ ለማንም እምቢ የምልበት ቀን አይደለም። ፀሐይ ወጥታለች፣ የተራራው በረዶ ጫፉ ላይ ብቻ ቀርቷል፣ እኔም ቢጫ ጫማ ገዛሁ። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ፣ ቢጫ ጫማ! ናሪንደር የቢሮዬ በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ማን ሊመጣ ነው?»

«ማንም።»

«እሺ። ማንም የሚባለው ሰውዬ ቢጫ ይወዳል ማለት ነው።»

ናሪንደር ከኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል የባሕር አረም ታጠናለች። አረም ስለማይናገር የሰው ወሬ ይናፍቃታል።

ሴፕቴምበር 7፣ እሑድ

ኢዋን ደወለ። በየእሑዱ ይደውላል። እሱ ኒው ዚላንድ፣ እኔ እዚህ አውስትራሊያ፣ ሆባርት፣ ያን ሁሉ ባሕር መሃላችን አድርገን ስለ ወፍ እናወራለን። ሁለት የወፍ ሰዎች ስለ ወፍ ቢያወሩ ምን ይደንቃል? ባለፈው ዓመት ለጉባኤ እነሱ ከተማ ስሄድ እራት ላይ አጠገቡ አስቀመጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ ነው። ሌላ ምንም የለም። ሚስቱ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ይህንን የጻፍኩት ነገሩ እንዲሟላ ያህል ነው።

ዛሬ ግን አንድ ነገር ሆኗል። «ምን እየሠራህ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፣ እንደ ወትሮው።

«ሮዝ፣ ይህን ሰሞን ስለ ሥራ ባናወራስ?»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

ከዚያ ስለ ባሮ ሽንኩርት አወራኝ። እንዴት እንደ ተከለው፣ አፈሩን እንዴት ወደ ላይ እንደ ቆለለለት፣ ቀንድ አውጣ እንዴት እንዳስቸገረው። እኔም ስለ ሽንኩርቱ ጥያቄ እየጠየቅኩ ቆየሁ፤ መቼም ይህን ያህል ሽንኩርት የሚያስጨንቀኝ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከፋኝ። አንድ ሰው ስለ ሥራ አናውራ ካለሽ ሰለቸሽው ማለት ነው። ለነገሩ ምን አገባኝ።

ሴፕቴምበር 11

ወይ ጉድ።

ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ። አውቶቡስ ላይ ነኝ። ጽሑፉን እያነበብኩ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። ቤት ስደርስ እጽፋለሁ።

ቤት ነኝ። ይኸው።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ የወንዱን ፔንግዊን የምሽት ጩኸት ሲገልጽ ጸሐፊው «ዘይት የናፈቀው በር» ይለዋል። በሥነ ሕይወት ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ የለም። ይህን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ! ያኔ እራት ላይ ነው፤ ድምፁን አስመስዬ ስጮህ አስተናጋጁ ሳህን ይዞ ቆሞ ቀረ። ስሙን ሳወጣለት የሰሙኝ አስተናጋጁና ኢዋን ብቻ ናቸው። አስተናጋጁ የጥናት ጽሑፍ እንደማይጽፍ እገምታለሁ።

የኢዋን ነው። የተደበቀው ስም የኢዋን ጌዲስ ነው። ለካ ስለ ሥራ አናውራ ያለኝ ጽሑፉ ግምገማ ላይ ስለሆነ ነው! አልሰለቸሁትም! ወጥ ቤት ውስጥ ዞርኩ፣ ማለትም ጨፈርኩ፤ እንቁላሌ አረረ፣ ይረር አልኩ።

ቆይ ግን። ይህ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ደንቡ ግልጽ ነው። ገምጋሚ ከጸሐፊው ጋር የጥቅም ግጭት ካለበት ወዲያው ለአዘጋጁ አሳውቆ መልቀቅ አለበት። ነገ ለዴዝ እጽፋለሁ።

ሴፕቴምበር 12

ለዴዝ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ማሳወቂያ ቅጹ ላይ «ከጸሐፊው ጋር ያለዎት ግንኙነት» ይላል፤ ከሥሩ መምረጫ አለው። የትዳር ጓደኛ። ዘመድ። የቅርብ ወዳጅ። የሥራ ባልደረባ። ተቀናቃኝ።

እስቲ አሁን እኔ የቱን ልምረጥ? በየእሑዱ ስለ ባሮ ሽንኩርት የሚያወራኝ ሰው የሚል የለም። «የቅርብ ወዳጅ» ብል ዴዝ ቅንድቡን ያነሣል፤ ዴዝ ቅንድቡን ካነሣ ወደቡ ሁሉ ያውቃል፤ ወደቡ ካወቀ ኢዋን ኖቬምበር ላይ እዚህ ለጉባኤ ሲመጣ ከአውሮፕላን ሳይወርድ ይሰማል። እሱ ደግሞ ምንም አስቦ ላይሆን ይችላል! ለሰውየው ራሱ ያልነገርኩትን፣ ለራሴም በወጉ ያልነገርኩትን፣ ለዴዝ ነው የምነግረው?

ደግሞ «የጥቅም ግጭት» የሚለው ስም ራሱ። እስካሁን ምን ጥቅም አገኘሁና? አንድ ፖስት ካርድና የሽንኩርት ምክር።

ሰኞ እጽፋለሁ።

ሴፕቴምበር 18

አልጻፍኩም። ጽሑፉን ግን ጨረስኩት።

አሁን ነገሩ በሌላም በኩል ተበላሸ። ኢዋን ያደረገው ይህ ነው። የወንዱን ጩኸት ቀድቶ በድምፅ ማጉያ ከጎረቤት ጉድጓድ ውስጥ አሰማ። ሚስቲቱ ከባሕር ስትወጣ የባሏ ድምፅ ከጎረቤት ይጣራል። ምን አደረገች? ዘወር ብላ አላየችም። ቀጥ ብላ ወደ ድሮ ጉድጓዷ ገባች። ሁሉም ሴቶች እንደዚያ ናቸው። የሚፈልጉት ጉድጓዳቸውን እንጂ ባላቸውን አይደለም፤ ከገቡ በኋላ እዚያ ያገኙትን ይቀበላሉ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት ደግሞ ሚስቲቱ ባሏን በድምፁ ለይታ እንደምትመለስ ነው። በዚህ ነው የምታወቀው። ባልደረቦቼ «የታማኝነት ሮዝ» ይሉኛል፣ እኔ የሌለሁ ሲመስላቸው።

ስለዚህ አሁን ያለብኝ ግጭት አንድ አይደለም። በአንድ በኩል ጸሐፊውን... ጸሐፊው ጥሩ ሰው ነው። በሌላ በኩል ጽሑፉ ሥራዬን ገደል ይከተዋል። አንዱ ወደ ላይ ይስበኛል፣ አንዱ ወደ ታች። እርስ በርስ ተጣፍተው መሃል ላይ ፍትሐዊ ሆኜ ብቀርስ? ይህን ሐሳብ በጣም ወደድኩት። ጥርሴን እየፋቅኩ ነው የመጣልኝ።

ሴፕቴምበር 19

ትናንት የጻፍኩት ሐሳብ የሞኝ ነው።

ሴፕቴምበር 23

እውነቱን ልናገር፤ ያልለቀቅኩት ስላፈርኩ ብቻ አይደለም። እኔ ከለቀቅኩ ጽሑፉ ወደ ማን ይሄዳል? እዚህ አካባቢ ይህን ነገር የምናውቅ አምስት ነን። አንዱ ኢዋን ራሱ ነው። አንደኛዋ ተማሪው ነበረች። አንዱ ጡረታ ወጥቶ ደብዳቤ አይመልስም። አንዷ እኔ ነኝ። የቀረው ግራሃም ነው።

ግራሃም የቀድሞ ባሌ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ግምገማ ሲጽፍ ጥርስ ያወጣል። አንድ ጊዜ ያንዱን ምስኪን ጽሑፍ «ወረቀቱ መልካም ነው፣ የተጻፈበት ባይሆን» ብሎ መልሷል። ኢዋንን ደግሞ ለምን እንደሆነ እንጃ አይወደውም። ኢዋንን ለግራሃም አሳልፌ ልስጠው? ይህን እያሰብኩ አንድ ፓኬት ብስኩት ጨረስኩ።

ስለዚህ ግምገማውን እኔው ጻፍኩት። አላዳላሁለትም ለማለት በጣም ጥብቅ አድርጌ። ሌላ ባሕር ዳር ላይ ይድገመው፣ ሌላ ዓመት ይጨምር፣ የነፋሱን አቅጣጫ ይለካ፣ የጨረቃዋን ብርሃን ይለካ። ሳነበው ሰውየው ያልኩትን ሁሉ ሲያሟላ በከዘራ ነው የሚሄደው። ቀደድኩት።

ሴፕቴምበር 28፣ እሑድ

ኢዋን ደወለ። የሽንኩርቱ ወሬ አለቀ፣ ወደ ድንች ተሻገርን።

«ሮዝ፣ ደህና ነሽ? ድምፅሽ ተለወጠብኝ» አለኝ።

«ደህና ነኝ። ነፋሱ ነው።»

«ኖቬምበር ላይ ስመጣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ስለ ድንች?»

«አይደለም» አለኝ። ቀጥሎ «አዎ፣ ስለ ድንችም ይሁን» ብሎ ሳቀ።

ምን ይሆን የሚነግረኝ? ጽሑፉን ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ሥራሽን ገደል ከትቼዋለሁና አትቀየሚኝ ሊለኝ ነው። ጨዋ ሰው ስለሆነ ፊት ለፊት መንገር ይፈልጋል። እንደዚያ ነው። ሌላ ነገር ማሰብ ቂልነት ነው። እኔም አላሰብኩም። ሹራቤን ገልብጬ ለብሼ መዋሌን አሁን አየሁ።

ኦክቶበር 2

አዲስ ግምገማ ጻፍኩ። ይህኛው ማር ነው። «እጹብ ድንቅ»፣ «ወደር የሌለው»፣ «ጸሐፊው ለነዚህ ወፎች ያለው ርኅራኄ ከያንዳንዱ መስመር ይነበባል»። ርኅራኄ! የድምፅ ማጉያው ብዛት በተዘረዘረበት ገጽ ላይ ነው ርኅራኄ ያየሁት። ቀደድኩት።

ናሪንደር ሻይ ይዛ መጣችና ቅርጫቴን አየች። የማንን ጽሑፍ እንደምገመግም ልነግራት አልችልም፣ ሚስጥር ነው። ስለዚህ «አንዲት ጓደኛ አለችኝ» ብዬ ጀመርኩ።

«እሺ።»

«አንድ ሥራ ላይ መፍረድ አለባት። ሥራው የማን እንደሆነ ማወቅ አልነበረባትም፣ አወቀች። ሰውየውን ደግሞ... ታከብረዋለች።»

«ታከብረዋለች» አለች ናሪንደር ሻይዋን እየነፋች። «በጣም ነው የምታከብረው?»

«መጠነኛ ነው።»

«ይህቺ ጓደኛሽ ቢጫ ጫማ አላት?»

ከክፍሌ አስወጣኋት። ከኮሪደሩ ጫፍ ሆና «ትልቀቅ በያት! ሰው ሲያከብር ዓይኑ አያይም!» ብላ ጮኸች። የሕንፃው ሰው ሁሉ ሰማ።

ኦክቶበር 9

ዛሬ ሲመሽ ባሕሩ ዳር ወረድኩ፤ ናሪንደርም አብራኝ መጣች፣ በብርድ እየተራገመች። ኪዝንና ዶሪስን ማየት ፈልጌ ነው። ከፔንግዊኖቼ ሁሉ የምወዳቸው ባልና ሚስት እነሱ ናቸው። በየጉባኤው ፎቷቸውን የማሳየው፣ ታማኝነት ማለት ይህ ነው የምለው፣ በነሱ ነው።

ዶሪስ ቀድማ ወጣች። ደረቷን ነፍታ እየተወዛወዘች ድንጋዩን ወጣች። ኪዝ ከታች ጥቁር ድንጋይ ላይ ቆሞ በሩን ያንጫጫል፣ ዘይት የናፈቀውን። ዶሪስ አጠገቡ አለፈች። ዘወር ብላም አላየችው። ጉድጓዷ ውስጥ ገባች። ከውስጥ የሌላ ወንድ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሁለቱም አብረው ዘፈኑ።

«ውይ ዶሪስ!» አለች ናሪንደር።

«ጉድጓዱን ስላወቀችው ነው» አልኩ። «ባሏ ድንጋዩ ላይ ነው፣ እሷ ግን ጉድጓዱን ነው...» አልጨረስኩትም። ኪዝ ጥቂት ጮኸና ተወው። ጎረቤት ካለ ሌላ ጉድጓድ ገባ፣ እዚያም ተቀባይ አላጣም።

ሣቄ መጣብኝ። አሸዋው ላይ ተቀምጬ ዕንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በዓይኔ ፊት ነበር! እኔ ማየት የፈለግኩትን ነው ያየሁት። ግራሃም ሲሄድ ቤቱን ያልለቀቅኩት ለምን መሰለኝ? እሱን ስጠብቅ አልነበረም። መስኮቱን እወደዋለሁ።

ኢዋን ትክክል ነው። ደስ ብሎኛል። የገዛ ሥራዬ ፈርሶ ደስ ይበለኝ? ብሎኛል። ለዚህ ነው የማልታመነው።

ኦክቶበር 12፣ እሑድ

አጭር ስልክ። ብነግረው ብነግረው እያልኩ አፌን ዘጋሁ፤ እንደ ቀዘቀዝኩበት ሳይመስለው አልቀረም።

«ያስቀየምኩሽ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ድንቹ በቀለ።»

«እንኳን ደስ ያለህ።»

እንኳን ደስ ያለህ! ለድንች! ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

ኦክቶበር 16

ዴዝ ጻፈልኝ። «ሮዝ፣ ጽሑፉ ያረጀብሽ መሰለኝ። ግምገማው የት ደረሰ?»

ሦስተኛውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ጥሩ ነው። ማርም የለው፣ መርዝም የለው። ጥንካሬውን ተናግሬያለሁ፣ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ያለውን ግድፈት አሳይቻለሁ፣ የኔ የድሮ ሥራ እንደማይቆም በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። ከዚህ በላይ ፍትሐዊ ግምገማ ጽፌ አላውቅም። መላኪያው ላይ ጣቴን አሳርፌ ቆየሁ። ብልከው ማን ያውቃል? ጽሑፉ ይወጣል፣ ይገባዋልም፤ ግራሃም አይነካውም፤ እኔም አላፍርም።

ከዚያ ኖቬምበርን አሰብኩ። ኢዋን ይመጣል እንበል፤ የሚነግረኝም ነገር የድንች ባይሆን እንበል። አይሆንም፣ ግን እንበል። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ምን ይላል? «ያንን ጽሑፍ ያሳለፈችለት እኮ እሷ ናት።» ጽሑፉ ንጹሕ ነው፤ ያን ሁሉ ሌሊት ብርድ ላይ ተኝቶ ነው የሠራው። እኔ ነኝ የማቆሽሽበት። ግምገማዬ ትክክል ቢሆንም ያቆሽሸዋል፣ ምክንያቱም ትክክል መሆኑን ከኔ በቀር የሚመሰክር የለም፤ እኔ ደግሞ ለድንች እንኳን ደስ ያለህ የምል ሴት ነኝ።

ጣቴን አነሣሁ። ቅዳሜ ዴዝን አግኝቼ በአፌ እነግረዋለሁ። መምረጫው ውስጥ የሚሆነኝ የለም።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት ቢጫ ጫማዬን አድርጌ ዴዝ ጀልባውን ወደሚያስርበት ወረድኩ። የደቡብ ነፋስ ነበር፣ ኮፍያ የሚነጥቀው ዓይነት። የጀልባዎቹ ገመዶች ምሰሶውን እየመቱ ይንቃጨላሉ። ዴዝ ጀልባውን መሬት ላይ አውጥቶ፣ ሆዷ ሥር ገብቶ ቀለም ይቀባል። እሱ ሰባውን ያለፈ ሰውዬ ነው፣ ጆሮው ቀለም የተረጨበት።

«ዴዝ! ያንን ጽሑፍ ልመልስልህ ነው!»

«ምን?»

«ጽሑፉን! አልገመግምም!»

«ለምን? ታመምሽ?»

«የጥቅም ግጭት አለብኝ!»

«ከማን ጋር ተጋጨሽ?»

«ከማንም! መጋጨት አይደለም... ተቃራኒው ነው!»

«ነፋሱ ነው፣ አይሰማኝም! ጮክ በይ!»

«ጸሐፊው ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ!»

«ታዲያ ማን የማይተዋወቅ አለ? አምስት ሰው እኮ ናችሁ!»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። እጆቼን አፌ ላይ ሰብስቤ፣ ባለኝ አቅም ሁሉ፣ «እወደዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ነፋሱ ልክ ያን ጊዜ ቆመ። ሙልጭ ብሎ ቆመ። ገመዶቹ ዝም አሉ። ጎን ያለውን ጀልባ የሚፍቁት ሁለት ጎረምሶች ዞሩ፤ ውሻ የምታናፍሰው ሴትዮ ቆመች፤ አንዱ የሚበላውን ፓይ አፉ ደጃፍ ላይ አድርጎ ቀረ። ከጎረምሶቹ አንዱ «ጎሽ፣ እናቴ!» አለ።

ዴዝ ብሩሹን አስቀመጠና ከጀልባዋ ሆድ ሥር ወጣ።

«ኢዋንን?»

«ስሙን አትናገር፣ ደንብ ነው!»

«ደንቡ አሁን ነው ትዝ ያለሽ? ነገር ካለ ትነግረኛለች ብዬ እኮ ነው የላክሁልሽ። ያን ሁሉ ሳምንት ይዘሽው ተቀመጥሽ።»

አንገቴን ደፋሁ። ልክ ነው፤ ባወቅኩ በማግስቱ መምጣት ነበረብኝ። «አጥፍቻለሁ» አልኩት። «እፍረት ነው የያዘኝ።»

ዴዝ ግን እየሰማኝ አልነበረም። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። «ቆይ» አለ። «ቆይ፣ ቆይ። ጽሑፉን እንደ ላከ ሰውየው ደውሎልኝ ነበር። እኔ ባሕር ላይ ነበርኩ፣ ሸራው እየተንጫጫ። ‹ለሮዝሊን ላክላት› አለኝ። እንዴት ያለ ደፋር ነው ብዬ ገረመኝ፣ ገምጋሚ በስም የሚያዝ! ግን ከአንቺ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ እሺ አልኩት።»

«እሱ ነው ላክላት ያለህ?»

«አዎ። ምክንያቱንም ነገረኝ፣ ግማሹን ነፋስ ወሰደው። ‹ገና አልነገርኳትም› ያለው ግን ደርሶኛል። ስለ ጽሑፉ መስሎኝ...»

ነፋሱ እንደገና ተነሣ።

«ዴዝ፣ ሰው ጽሑፌን ላክላት ሲል ‹ገና አልነገርኳትም› ብሎ ምን ይጨምራል?»

ዴዝ አፉን ከፍቶ አየኝ። «አት» አለ።

«ምን?»

«አት! አትላክላት ነው ያለኝ! ነፋሱ ‹አት›ዋን በላት! ለሮዝሊን አትላክላት፣ ምክንያቱም... ገና አልነገርኳትም...» ቀለም በቀለም በሆነ እጁ ግንባሩን መታ፤ ግንባሩ ሰማያዊ ሆነ።

የቀለም ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ፣ ክዳኑ በመኖሩ ተመስገን። ኢዋን ቀድሞኛል! እኔ ከመምረጫው ጋር ስታገል፣ እሱ ገና ሲጀመር ስልክ አንሥቶ ለሰው ተናግሯል። በጽሑፍ ማስፈር አፍሮ ይሆናል በስልክ ያደረገው፤ ግን ተናግሯል። እኔ ደግሞ ቀዘቀዝኩበት፣ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።

ከዚያ ትዝ አለኝ። «በቃ አሁን የቀረው ግራሃም ነው» አልኩ።

«ግራሃም?» ዴዝ ሳቀ። «የድሮ ሚስቱ የምትወደውን ሰው ሥራ ሊገመግም? ያ ፓይ የያዘው የግራሃም ጎረቤት ነው፤ እስከ ምሳ ይሰማል። አንቺ ሴትዮ፣ በአንድ ጩኸት ሁለት ገምጋሚ ነው የጨረስሽብኝ። በቃ፣ ቺሊ ያሉ ሰዎች ጋ እልከዋለሁ። ፔንግዊን ያውቃሉ፣ እኛን አያውቁም።» ብሩሹን አነሣና፣ እንደ ዋዛ፣ «ለመሆኑ ጽሑፉ እንዴት ነው?» አለኝ።

ምላሴ ላይ ነበር። «አልነግርህም» አልኩት።

«አሁን ገና ገምጋሚ ሆንሽ» አለና ተመልሶ ጀልባዋ ሥር ገባ።

ወደ ቤት እንዴት እንደ ተመለስኩ አላስታውስም። ቢጫ ጫማዬ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ። አላጸዳውም።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ሳየው ዋልኩ። ለናሪንደር «ጓደኛዬ ለቀቀች» ብዬ መልእክት ላክሁላት። «ትናንት ከወደብ ሰማሁ» ብላ መለሰች።

ደወለ። ባሕር ዳር ካለችው የሥራ ጎጆው ነው፤ ነፋሱ ከዚያም ከዚህም ይነፍሳል።

«ድንቹ...» ብሎ ጀመረ።

«ድንቹን ተወው። ዛሬ ስለ ሥራ እናውራ።»

«ሮዝ፣ ስለ ሥራ እንኳ...»

«ጽሑፍህ እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ትናንት መለስኩት።»

«ለዴዝ እኮ ነግሬው ነበር» አለ፣ ድምፁ ቀንሶ። «አትላክላት ብዬ ነው የነገርኩት።»

«‹አት›ዋን ነፋስ በላት።»

«የቀረውንስ? ምክንያቱንስ በላው?»

«ግማሹን። ገና አልነገርኳትም የሚለው ግን ደርሶኛል።»

ከወዲያ አንድ ነገር ሲጥጥ ሲል ተሰማኝ። የጎጆው በር ነው፣ ከፍቶ ወደ ውጭ ወጣ።

«ይህን በር ለምን ዘይት አትቀባውም?» አልኩት፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«ካለፈው ዓመት ወዲህ መቀባት አቃተኝ» አለ።

ከዚያ የቀረውን ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የኔ ነው። እኔም የኔን ነገርኩት፣ በዝቅታ፣ ወደብ ላይ እንደ ጮህኩት አይደለም። በኋላ፣ «ጽሑፉስ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «እሱን ቺሊ ያሉት ይንገሩህ» አልኩት፤ ሳቀ። ዶሪስ የሠራችውን ግን ነገርኩት፣ እሱ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው።

«ኖቬምበር ሩቅ ነው» አለኝ።

«ሩቅ ነው።»

«ዓርብ ብመጣስ? ካልተመቸሽ እንኳ የሚቀጥለውን ሳምንት...»

«አትዘግይ» አልኩት።

«ምን? አይሰማም! ዘግይ ነው ያልሽው?»

መስኮቱን ከፍቼ ስልኩን አፌ ላይ ደቅኜ፣ «አት!» ብዬ ጮህኩ። «አት! አት! አት!»

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ የምታባርሪው ድመት ገብታብሽ ነው ወይ አለኝ።